ወንድሜ ግራ በኩል ተቀምጦ ነበር

አባቴ ሆስፒታል ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ከሥራ ቦታ ደወልኩለት። «ወንድምሽ ዛሬም አልመጣም» አለኝ። ደሜ ፈላ። የሱን ዘግቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ያላልኩት ነገር የለም። ዝም ብሎ አስጨረሰኝና በሹክሹክታ «አጠገቡ ነኝ» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ካንቺ ጋር ሲያወራም እየሰማሁት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላናገርከውም?»

«አናግሬዋለሁ። ይመልስልኛል። ግን ሲመልስልኝ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ነው የሚፈልገኝ።»

ወንድሜ የተቀመጠው ከአልጋው በግራ በኩል ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስትሮክ ቤቱ የገባበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያያቸው ነገሮች ግራ ስለሚያጋቡ ነው። እኛ እንዲያውም በሁለቱም ትርጉሙ ግራ ተጋብተን ነበር። አባቴ ያኮረፈ፣ እልህ የያዘው፣ አንዳንዴም የዋሸን መስሎን ነበር። አንዱም አልነበረም። የተጎዳው የአንጎሉ ክፍል ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ስናውቅ ነው ጭቅጭቁ የበረደው።

ከመጀመሪያው ጠዋት ልጀምር። አባቴ ከመኝታ ቤቱ የወጣው ሸሚዙን በአንድ እጅጌ ብቻ ለብሶ ነው። የግራው እጅጌ ከኋላው ተንጠልጥሏል። ሳቅን። ምን እንዳሳቀን አልገባውም። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ሲጠጣ በግራ የከንፈሩ ጫፍ በኩል ፈሰሰ። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አልኩት። «ምን ሆንኩና?» አለኝ። ቃላቱ አልተደናቀፉም፤ አሳቡ አልተምታታም። አመንነው። 2 ሰዓት ሙሉ አመንነው።

ስትሮክ የጠረጠራችሁትን ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ብላችሁ መልሱን አትመኑ። ፈገግ እንዲል ንገሩትና የፊቱ አንድ ወገን ወደኋላ ይቀር እንደሆነ እዩ። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፤ አንዱ ቀስ እያለ ይወርዳል ወይ? አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይድገምላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከተዛባ አምቡላንስ መጥራት ነው፣ በቃ። እኛን ያዘናጋን ሦስተኛው ነው። ንግግሩ ደህና ስለነበር ሌላው አልታየንም።

ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ የጠየቁን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት መቼ ነው?» ብለው ነው። «ጠዋት ሲነሳ ነው የጀመረው» አልን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ተኝቶ ሳለ በየትኛው ሰዓት እንደመታው ስለማይታወቅ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ማታ ደህና ሆኖ ከታየበት ጀምሮ ነው። የአንጎሉን ደም ሥር የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በደም ሥር ገብቶ የረጋውን ደም መዝዞ ማውጣትም አለ፤ ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሞከራል። ለእኛ ሁለቱም አልሆኑም። ችኮላው ለምን መሰላችሁ? አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የሚያጠራቅመው ስንቅ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሶች እንደሚሞቱ ይገመታል። ያን የሳቅንበትን ጠዋት አሁንም በደቂቃ እቆጥረዋለሁ።

የሲቲ ስካኑን ፎቶ ሲያሳዩን ሌላ ግርታ መጣ። ጠቆር ያለው ቦታ በፎቶው ግራ በኩል ነው። «ቀኝ አንጎሉ ነው አላላችሁም እንዴ?» አልኩ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ፎቶው የሚነበበው ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እኛ እግሩ ሥር ቆመን እንደምናየው ነው። የእሱ ቀኝ የእኛ ግራ ይሆናል። ይህ ሳያንስ ሌላ መገልበጥ አለ፤ ቀኙ አንጎል የሚያዘው ግራውን የሰውነት ወገን ነው። ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ መስመሮች አብዛኞቹ በአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ሊገቡ ሲሉ ይሻገራሉ። ስለዚህ ቀኙ ተመታ፣ ግራው ወደቀ።

«እጁ ለምን ከእግሩ ባሰ?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህ መልስ በጣም ደስ ብሎኛል። ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናታችን ላይ የፀጉር ማስያዣ ቅስት እንደሚያርፍበት አድርጋችሁ አስቡ። እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ወደዚያ አካባቢ ነው። ሰውነታችን እዚያ ላይ ተሰልፏል። እግር በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መሃል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል፤ እጅና ፊት በጎን በኩል ናቸው። የአባቴ የተዘጋ የደም ሥር የሚመግበው ጎኑን ነው። እግሩ ከሌላ ደም ሥር ስለሚጠጣ ብዙው ተረፈለት።

ይህን ካርታ በ1930ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በደንብ የሠራው ዋይልደር ፔንፊልድ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነው። ሕሙማኑ ነቅተው፣ አንጎላቸውን በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ጣት እንደተንቀሳቀሰ ይጽፍ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ካርታው ላይ ሰፊ ቦታ የያዘው ትልቁ የሰውነት ክፍል አይደለም፤ ረቂቅ ሥራ የሚሠራው ነው። አውራ ጣትና ከንፈር ከጀርባ በብዙ ይሰፋሉ። አዝራር መቆለፍ ከመራመድ ይልቅ የዘገየብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሽባነቱን ግን ማንም ያየዋል። ያስቸገረን የማይታየው ነው።

ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጦ «አልመጣም» ከተባለ በኋላ ነገሮችን ልብ ማለት ጀመርኩ። ሳህኑ ላይ የቀኙን ግማሽ ጨርሶ የግራውን ሳይነካ «ይቺን ብቻ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» ይላል። ሳህኑን ሳዞርለት «አሁን ገና!» ብሎ ይቀጥላል። ፂሙን ሲላጭ ቀኝ ጉንጩ ብቻ ይጠራል፤ መስታወቱን አይቶ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሰዓት እንዲሥል ሲጠየቅ ክቡን በደንብ ሠርቶ 12ቱን ቁጥሮች በሙሉ በቀኙ ግማሽ አጨናነቃቸው። የባሰው ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስንገፋው ግራ እጁ ወርዶ ጎማው ውስጥ ሊገባ ሲል አንድም ነገር አለማለቱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጠን እንጂ ወንበሩን ነቅንቀን አናውቅም።

«ዓይኑ ነው» ብለን ነበር። ዓይን ሐኪም አየው፤ ዓይኖቹ ጤነኛ ናቸው። የምናየው ነገር የሚተረጎመው ከጭንቅላታችን ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ነው። እሱም ብዙ አልተነካም። የተጎዳው ከዚያ ወደ ፊት፣ ከላይ በጎን ያለው ፓራይታል የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ ማየት ሳይሆን ልብ ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግማሽ እይታው የጠፋበት ሰው «አንድ ነገር ጎድሎኛል» ይላል፤ አንገቱን እያዞረ ይፈልጋል። አባቴ ግን ምንም አልጎደለበትም። ለእሱ ዓለም እዚያ ላይ አለቀች።

ይህ ለምን ቀኝ አንጎል ሲመታ ባሰ? ብዙ ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። ግራው አንጎል በዋናነት የሚጠብቀው ቀኙን ወገን ነው። ቀኙ ግን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ግራው ቢመታ ቀኙ ይሸፍንለታል። ቀኙ ሲመታ ግራውን የሚጠብቅ የለም።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ልምጣ። በሰባተኛው ቀን ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለው፦

«አባባ፣ ግራ እጅዎን ያንሱልኝ።»

«አነሳሁልህ እኮ።»

እጁ ከአንሶላው ላይ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አነሳውና በቀኝ በኩል አምጥቶ አሳየው። «ይሄ የማን እጅ ነው?»

አባቴ በጥሞና አየው። ቀለበቱን ሁሉ አየ። «ያንተ ነዋ» አለ።

እናቴ ተነስታ ኮሪደር ወጣች።

ስሙ አኖሶግኖሲያ ይባላል፤ ሕመምን አለማወቅ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ባቢንስኪ የተባለ ፈረንሳዊ የነርቭ ሐኪም ነው፣ በ1914። ሐኪሙ ደጋግሞ ያስረዳን፣ ይህ ሰው የደረሰበትን አልቀበልም ሲል ከምናየው ነገር የተለየ መሆኑን ነው። ሌባ ሲገባ የሚጮኸው ዘበኛ ራሱ ነው የተመታው። ጩኸት ካልተሰማ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሰላም ነው ብሎ ያስባል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መከራከር ከንቱ ነው። እኔ ግን ተከራክሬያለሁ። «አባዬ፣ እየው እንጂ! አይንቀሳቀስም!» ብዬ ጮሄበታለሁ። «ደክሞኝ ነው» ይለኛል። አንዴ «አርትራይተስ ነው» አለኝ። ኖሮበት አያውቅም። በ12ኛው ቀን ማንም ሳያየው ሊነሳ ሞክሮ ወደቀ። መራመድ የሚችል መስሎት ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ እንዲያምን አትልፉ፣ እንዳይወድቅ ልፉ። አልጋውን ዝቅ አድርጉ፣ ሰው አይጥፋ። ማመኑ በኛ ቤት በሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ሐዘኑም አብሮ መጣ፤ ለዚያም ተዘጋጁ።

ያኔ የከበደን፣ ትውስታው ፍጹም ደህና መሆኑ ነው። የስልክ ቁጥሮችን፣ የልጅነት ጓደኞቹን ስም፣ ትናንት የተባለውን ሁሉ ያስታውሳል። «ይህን የሚያስታውስ ሰው እንዴት እጁን ይረሳል?» ትል ነበር እናቴ። መልሱ ትውስታ ሌላ ሰፈር መሆኑ ነው። አዲስ ነገር ለመያዝ ዋናው ሂፖካምፐስ የሚባል፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ክፍል ነው። በ1953 አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለሚጥል በሽታው ሲባል ይህ ክፍል ከሁለቱም ወገን በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ አዲስ የሚተዋወቀውን ሰው ከደቂቃዎች በላይ መያዝ አቃተው። ንግግሩና አስተሳሰቡ ግን ደህና ነበሩ። የአባቴ ተቃራኒ ማለት ነው።

በ1978 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ሳነብ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሚላን ውስጥ እንደ አባቴ የግራ ወገን የጠፋባቸውን ሕሙማን ትልቁ ካቴድራል ያለበትን አደባባይ በአሳብ እንዲያዩት ጠየቋቸው። ቦታውን ጠንቅቀው ያውቁታል። ወደ ካቴድራሉ ፊታቸውን አዙረው ሲያስቡት የቀኙን ሕንፃዎች ዘረዘሩ፤ የግራውን ዘለሉ። ከዚያ ካቴድራሉ ደጃፍ ቆመው በተቃራኒው እንዲያዩት ተባሉ። ቅድም የዘለሏቸውን ጠሩ፤ የጠሯቸውን ዘለሉ።

በማግስቱ አባቴ ላይ ሞከርኩት። «አባዬ፣ ሳሎናችን በር ላይ ቆመሃል። ምን ይታይሃል?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። «መስኮቱ። የመጽሐፍ መደርደሪያው። መብራቱ።» ሁሉም በቀኝ ነው። «ሌላስ?» «በቃ።» ትንሽ ቆየሁና «አሁን መስኮቱ ጋ ቆመህ ወደ በሩ እያየህ ነው» አልኩት። «ሶፋው። ቴሌቪዥኑ። የእናትሽ ወንበር…» ቆም አለ። «የእናትሽን ወንበር ቅድም አልነገርኩሽም እንዴ?» አለኝ።

አልነገረኝም። ግን ያን ቀን ልቤ አረፈ። ቤታችን ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉውን አለ። የሚጎድለው ወደዚያ የሚዞር ነገር ነው።

ከአባቴ ጎን የተኛው ሰውዬ የተመታው በግራ አንጎሉ ነበር። ቀኝ እጁ አይሠራም፤ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «እሺ»። ውሃ ሲፈልግ «እሺ»፣ ሲናደድም «እሺ!»። የምንለውን ግን ይሰማል። አንድ ጠያቂ ልክ እንደ ሕፃን ሲያናግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ያየው ሕመምተኛም «ታን» ከማለት በቀር ብዙም የሚወጣው ቃል አልነበረም። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ በግራ ግንባር በኩል ሆኖ ተገኘ። በ1874 ካርል ቬርኒክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ ተቃራኒ የሆኑ ሕሙማንን ገለጸ፤ ቃላት እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ፣ ትርጉም ግን የላቸውም፣ ሰው የሚለውም አይገባቸውም። የዚያ ጉዳት ከብሮካው ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ አካባቢ ነው። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ ንግግራቸው በግራ አንጎል ነው። ግራኞችም ቢሆኑ አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው።

የሰውዬው ሚስት አንድ ማታ ዘፈን ታንጎራጉርለት ጀመር። ከሁለተኛው ስንኝ ላይ አብሯት ገባ፣ ከነቃሉ! ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ተያየን። ዜማ ብዙውን የሚታገዘው በቀኙ አንጎል ነው፤ የለመድነው ነገር ደግሞ በሌላ በር ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠርም እንደዚሁ። ንግግር የምታስተምረው ባለሙያ በዚያው በዜማው በኩል ነው የጀመረችለት። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ጊዜ ስጡት፣ በአዎና በአይደለም የሚመለስ ነገር ጠይቁ። አትጩኹበት፤ ጆሮው ደህና ነው።

የአባቴ ችግር ከዚህ ሰው ተቃራኒ ነበር። ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ቀኝ አንጎል ሲጎዳ የድምፅ ቃና ሊጠፋ ይችላል። «እወድሻለሁ» እና «መስኮቱን ዝጊው» በአንድ ድምፅ ይወጣሉ። እናቴ ለአንድ ወር የተቀየማት መስሏት ነበር። ቀልድም አይገባውም ነበር። ስለዚህ ስሜታችንን በቃል መናገር ጀመርን፦ «አባዬ፣ አሁን እየቀለድኩ ነው።»

ሳያስብ መጣደፉም አዲስ ጠባይ ነበር። ልጓም የሚይዘው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ነው፤ የአባቴ ጉዳት እሱንም በከፊል ነክቷል። በ1848 አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ከሞት ተረፈ፤ ጓደኞቹ ግን ጌጅ ያው ጌጅ አይደለም አሉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ መንዳቱ ይዘለላል። ስድስት ፈረስ መንዳት ልጓም የሌለው ሰው ሥራ አይደለም። ሐኪሙ ይህን የነገረን ተስፋ ስንቆርጥ አይቶ ይመስለኛል።

ሌሎቹን ክፍሎች ባጭሩ ልለፋቸው። ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬብለም፣ ሚዛን ይጠብቃል። እሱ የተመታ ሰው ሲራመድ የሰከረ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ እርዳታ ሳያገኝ ይቀራል። የአንጎል ግንድ መተንፈስንና መዋጥን ይይዛል። መዋጥ ግን ከላይም ስለሚታዘዝ በማንኛውም ስትሮክ ሊበላሽ ይችላል። ባለሙያ ሳይፈትነው ውሃም ቢሆን አትስጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

ከፊዚዮቴራፒው ሌላ እኛን የጠቀመን ይኸው ነው። መጥሪያ ደወሉንና ውሃውን በቀኝ አደረግን፣ አለዚያ ለሱ የሉም። ለልምምድ ስንፈልገው ደግሞ ሆን ብለን ከግራ ሆነን እናናግረዋለን፤ እስኪያገኘን እንጠብቃለን። ጋዜጣ ሲያነብ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር አሰመርንለት። «ቀዩን እስክታገኝ አንገትህን አዙር፣ ከዚያ ጀምር።» መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዱን መስመር ከመሃሉ ይጀምር ነበርና የዓለም ዜና ሁሉ እብደት ይመስለው ነበር። የደከመውን እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ በብብቱም አታንሱት፤ ትከሻው ይወልቃል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ድካም ስንፍና አትበሉት። መኪና የመንዳት ነገር ሲነሳ ደግሞ ጨክኑ፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቁልፍ አይሰጥም።

ለውጡ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አካባቢ ነው ይባላል፤ የኛም እንደዚያ ነበር። የሞተው ሕዋስ አይመለስም። ዙሪያው ያለው ግን በመደጋገም አዲስ መንገድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀርፋፋ ነው፣ ግን አልቆመም። አሁን 2 ዓመት ሆኖታል። በምርኩዝ ይራመዳል። ግራ እጁ ወረቀት ይይዝለታል፣ አዝራር ገና ነው። ሲደክመው ወይም ሰው ሲበዛ ግራው ይጠፋል።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ መጥቶ ድምፁን ሳያሰማ ግራው ላይ ተቀመጠ። ይህን ማድረግ ይወዳል። አባቴ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። መስመሩን ጨርሶ ቀዩን ፍለጋ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፤ ከቀዩ አልፎ ቀጠለ፣ የወንድሜን ጉልበት አየ፣ ቀና አለና ፊቱን አየ።

«መጣህ እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ገና ነው» አለው ወንድሜ።

ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር።